ግዳይ የማይጥለው መሪ፦ ለአንድ እግረኛ ሻለቃ አዛዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሻለቃው አዛዥ፣

ሻለቃው ዘንድሮ ከባለሌላ ማዕረግተኞቹ፣ ማለትም ከመኮንንነት በታች ካሉት አባላቱ መካከል፣ በመሪነት ግንባር ቀደም ያላቸውን በሰልፍ ፊት ሲሸልም፣ የተጠሩት ሁሉ ማኅደራቸው የጸዳና በሩጫና በተኩስ ልምምድ ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገቡ ነበሩ። በክረምቱ የመስክ ልምምድ አንድ ሰው ሳያጎድሉ ወታደሮቻቸውን ይዘው የተመለሱት መሪዎች ግን ስማቸው እንኳ አልተነሣም። ደብዳቤው የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጸሐፊውም ከዚያው ሻለቃ የወጣና ዛሬም ስሙ በተነሣ ቁጥር ልቡ የሚሞቅ ሰው እንጂ የውጭ ታዛቢ አለመሆኑን አዛዡ ያውቃሉ።

ሽልማቱ መኖሩ ይመሰገናል። ቀድሞ ዕውቅና ከሻምበል አዛዥ በታች ወርዶ ስለማያውቅ፣ አንድ አሥር አለቃ በስሙ ተጠርቶ ከሰልፍ ሲወጣ መታየቱ ቀላል ለውጥ አይደለም። ምስጋናው ግን ከዚህ አያልፍም።

ቅሬታው የተመራው ወታደር አለመጠየቁ ነው። የመቶው መሪ ስም ያቀርባል፣ ሻምበሉ ያጸድቃል፣ የአስተዳደር ክፍሉም በማኅደር የተገኘውን ነጥብ ደምሮ ይወስናል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ በዕጩው ትእዛዝ ሥር ያደረ አንድም ሰው ቃሉን አይሰጥም። ጓድ የሚባለው በአሥር ሰው ገደማ የሚቋቋመው የእግረኛ ትንሹ ክፍል ሲሆን፣ መሪነት በዚህ ደረጃ የሚታየው ውኃ ሲያጥር ማን መጨረሻ እንደጠጣ፣ ሌሊት ተነሥቶ ጥበቃውን ማን እንደጎበኘ፣ እግሩ የቆሰለውን ወታደር ሸክም ሰውየውን ሳያሳፍር ማን እንደተቀበለው በመሳሰሉት ነው። ከእነዚህ አንዱም በማኅደር አይጻፍም፤ ምስክሮቹ እነዚያው የጓዱ አባላት ብቻ ናቸው፤ ሻለቃው ግን ሌላውን ሁሉ ጠይቆ እነርሱን ብቻ ተወ።

የጉድለቱ ሥር ምናልባት ከወረቀት አሠራር አልፎ ይርቃል። በቀድሞው የጦር ባህል ከዘመቻ የተመለሰ ሰው በጌታው ፊት ፎክሮ ግዳዩን፣ ማለትም የገደለውን ወይም የማረከውን የሚያስመሰክር ምልክት፣ ይጥል ነበር፤ ክብርም የሚያሳየው ላለው ሰው ይሰጥ ነበር። ጀግንነት በዚህ መንገድ ሊለካ ይችላል፤ መሪነት ግን አይለካም፤ ሰዎቹን ሁሉ በደኅና ወደ ሰፈር የመለሰ የጓድ መሪ በአዛዡ ፊት የሚጥለው ግዳይ የለውምና። የዛሬው የነጥብ ሰሌዳ ያንኑ ግዳይ በወረቀት ተክቶታል፤ ጀግንነትና መሪነትም ዛሬም እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ።

ሌላ መንገድ እንዳለ የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ያሳያል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ዘምቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው ይህ ኃይል በሌሊት ቅኝት ስሙን ያተረፈ ሲሆን፣ በውጊያው ማግሥት የመጣው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ከውጊያ የተረፉትን ያለ ማዕረግ ልዩነት ሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውን እንዲናገር ያደርግ ነበር። ማርሻል በሌሎች ጥናቶቹ ያቀረባቸው አኃዞች በኋለኞቹ ምሁራን ዘንድ ጥያቄ ቢነሣባቸውም፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያውያኑ የሌሊት ውጊያ እስከ ታችኛው ማዕረግ ድረስ ሊተረክ የቻለው የታችኛው ሰው ስለተጠየቀ ነው።

የበታችን መጠየቅ ሥርዓት ያላላል፣ ምርጫውንም የመወደድ ውድድር ያደርገዋል የሚለው ክርክር ለአዛዡ አዲስ አይደለም። ማንን ትወዳለህ ተብሎ ከተጠየቀ ክርክሩ እውነት ነው፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ዳገት ላይ መሪህ ምን አደረገ ተብሎ ከተጠየቀ ግን መልሱ ምስክርነት ይሆናል፤ የአንዱ ቃልም በሌላው ይጣራል። በግምገማ መድረክ መሪውን ፊት ለፊት ሲተች የኖረ ሠራዊት፣ ለምስጋና ሲሆን የወታደሩን ቃል የሚፈራበት ምክንያት የለውም።

በእርግጥ ጉድለቱ የአንድ ሻለቃ ብቻ አይደለም። ስለ ኢትዮጵያ ጦር የሚታተመው መጽሐፍ በአብዛኛው የመኮንኖች ማስታወሻ ነው፤ አሥር አለቃውና ሃምሳ አለቃው «ሠራዊቱ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ስም አልባ ሆነው ይቀራሉ። የበታቹን አለመስማት የሚያስከፍለውም ዋጋ በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና ታይቷል፤ የውኃ ጉድጓዳቸው ፓምፕ የተበላሸባቸው ወታደሮች ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ በተከለከሉ ጊዜ አመፁ፤ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዘው የራሳቸውን ምግብ አበሏቸው። ዘንድሮ የተዘለሉት መሪዎች ለአመፅ የሚነሡ አይደሉም፤ ዝም ብለው ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ የሻለቃውን ወዳጅ የሚያሳዝነውም ይኸው ዝምታቸው ነው።

ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት እያንዳንዱ ጓድ መሪው በሌለበት እንዲጠየቅ፣ የተሰጠውንም ቃል አዛዡ በጽሕፈት ቤት ሳያሳልፉ ራሳቸው እንዲያነቡት ይጠየቃል። ከተዘለሉት መካከል አንዳንዶቹ የአገልግሎት ዘመናቸውን ሊጨርሱ ወራት ቀርተዋቸዋል፤ በክረምቱ አብረዋቸው የወጡት ወታደሮች ግን አሁንም በሻለቃው ውስጥ አሉ፤ በዚህ ሳምንት ቢጠየቁ የሆነውን ሁሉ ያስታውሳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሻለቃው የቀድሞ አባላት አንዱ