ስለ አረንጓዴ ሻይ ጥቅምና ስለ መጠጫው ሰዓት

ባለፈው ወር አንድ ወዳጃችን ከመንገድ ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ የጃፓን አረንጓዴ ሻይ አመጣልን። የመንደራችን እናቶችም ይህን ሰምተው «ደምን ያጠራል፤ ለልጅም ኃይል ይሰጣል ይባላል፤ እውነት ነውን?» ሲሉ ጠየቁን። መልሱ ለሁሉ እንዲዳረስ፣ በቤታችን የደረሰውንም ጨምረን ከዚህ ጽፈነዋል።

አረንጓዴው ሻይና የምናውቀው ጥቁሩ ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው፤ ልዩነታቸው በአሠራር ነው። ለጥቁሩ ሻይ ቅጠሉ ታሽቶ፣ ነፋስ እየነካው እስኪጠቁር ይቆያል። ጃፓኖች ግን ቅጠሉን ወዲያው በእንፋሎት አብስለው ሳይጠቁር ያደርቁታል። ስለዚህ ካቴኪን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት ሳይለወጥ ይቀራል። ኤይሳይ የተባለ ጃፓናዊ መነኵሴ ሻይ ለጤና ይበጃል ብሎ መጽሐፍ የጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1211 ዓመት ነው። በእኛም አገር በሐረርጌ የቡና ቅጠል አፍልቶ፣ ቁጢ ብሎ መጠጣት የቆየ ልማድ ነውና ቅጠል ማፍላት ለምሥራቅ ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም።

ስለ ጥቅሙም በጃፓን አገር በኦሳኪ 40,530 ሰዎች ለዓመታት ተመርምረው፣ ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ታትሟል። ሻዩን አዘውትረው ከሚጠጡት፣ ይልቁንም ከሴቶቹ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የሞቱት ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። ነገር ግን በችሎት ውለን እንደ ተማርነው፣ ሁለት ሰዎች አብረው ሲሄዱ ያየ ምስክር አንዱ ሌላውን እንደ መራው አላየም። ሻይ ጠጪው ሌላም መልካም ልማድ ይኖረው ይሆናል።

ለልጅ ኃይል ይሰጣል የሚለው ግን ልክ አይደለም፤ ያለ ስኳር የተጠጣ ሻይ ምግብነቱ እጅግ ጥቂት ነው። ትልቁ ትርፍ ስኳሩ የቀረ እንደ ሆነ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ በቀን 4 ብርጭቆ በ3 በ3 ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አንድ ጐልማሳ ከምግብም ከመጠጥም የሚወስደው ስኳር በጠቅላላው ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ይመክራል።

አሁን የቤታችንን ነገር እንናገር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷን እያዞራት ትተኛ ነበር። እኛም የድሬዳዋ ሙቀት ነው እያልን ወራት አሳለፍን። ወደ ሐኪም በወሰድናት ጊዜ በደሟ ውስጥ ብረት ማነሱ ታወቀ። ሐኪሙም «ሻይ የምትጠጣው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ጠዋት ከፉል ጋራ፣ ቀን ከሽሮ ጋራ፣ ማታም እንዲሁ ነበር፤ የምንቀዳላትም እኛው ራሳችን ነበርን።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ በጥቁሩም ሆነ በአረንጓዴው ሻይ ያለው ንጥረ ነገር በባቄላ፣ በሽምብራና በእህል ያለውን ብረት በሆድ ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። በሽታው በሻይ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን ነግሮ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶን ሻዩን ከማእድ እንድናርቅ አዘዘን። አሁን ልጃችን ከምሳ ጋራ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ትጠጣለች፤ ሎሚ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳልና።

እንግዲህ አረንጓዴ ሻይ የሚወድ ሰው ውሃውን ካፈላ በኋላ ጥቂት አብርዶ፣ ለአንድ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምሮ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ አቆይቶ ያጥልለው። ሲጠጣውም አፍ የሚያቃጥል አይሁን። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይታገሥ። ነፍሰ ጡር ሴትና ደም ያነሰው ሰው ግን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

እኛም ቆርቆሮውን አልጣልነውም። ምሳ ከበላን በኋላ ቆይተን፣ በአሥር ሰዓት ፀሐዩ ሲበርድ፣ ያለ ስኳር እንጠጣዋለን። ሰዓቱን የምትጠብቅልን ልጃችን ናት።