የጎን ነጥብ



በቅርቡ የባለቤቴ አክስት ከባሕር ዳር መጥተው ልደታ ቤታችን ሰንብተው ነበር። ስለ ጣና ሲጫወቱ እኔ፣ «አሣ ያው አሣ ነው» አልኋቸው። «ልጄ፣ አንቺ የምታውቂው ቀረሶና አምባዛ ነው፤ ትንንሾቹንስ?» አሉኝ። ነገሩ ከንክኖኝ ማንበብ ጀመርሁ።

በጣና ከአሥር ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ አሦች አሉ። ቡሌንገር የተባለው የአሣ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1902 ሁለቱን ለየብቻ ስም አወጣላቸው። አንዱን ሁሚሊስ አለው፤ በላቲን ትሑት ማለት ነው። ሌላውን በጎኑ ባሉት ሦስት ነጥቦች ሰየመው። እንግዲህ መለያው ነጥብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው መልካቸውን፣ ምግባቸውንና መኖሪያቸውን መርምረው ሁለቱ አንድ ዓይነት አሣ መሆናቸውን ገለጹ። ነጥቡ አሳስቶ ኖሯል!

ተቃራኒውም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 እሳቸው ያሉበት ቡድን ሁሚሊስን የሚመስል ሌላ አሣ አስታወቀ፤ ታናፔላጂየስ ተባለ። ልብ ብሎ ላየው ዓይኑ ተለቅ ይላል፤ አፉ አጠገብ ያሉት ጢሞች አጫጭር ናቸው። ይበልጥ የሚለየው ግን ውሎው ነው። ሁሚሊስ ዳር ዳሩን ሲውል፣ ታናፔላጂየስ በሐይቁ መካከል በገላጣው ውኃ ላይ ደቃቅ ነፍሳትን ይለቅማል።

«ታዲያ ምን ቸገረን?» ትሉ ይሆናል። እነዚህ ትንንሾች አሣ በል ለሆኑት ትልልቅ ነጭ አሦች ቀለብ ናቸው። ሁለቱን እንደ አንድ የቆጠረ ሰው፣ አንዱ ቢመናመን ሌላውን እያየ «ሞልቷል» ይላል።

ይህን ሳነብ ቤቴ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ዝም ሲል ለብዙ ዓመታት ኩርፊያ ነው ብዬ እኔም አኮርፍ ነበር። አንድ ቀን ከቀብር ተመልሶ ዝም አለ። ሻይ አቅርቤ አጠገቡ ተቀመጥሁና፣ «ውሎህ እንዴት ነበር?» አልሁት። እንባው መጣ። ለካ ሁለት ዝምታ ነበር፤ እኔ ግን አንድ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ስንት ኀዘን እንዲሁ አልፎኝ ይሆን?

እህቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ፊቱ ላይ ያለውን ነጥብ አይታችሁ አትፍረዱ። ዛሬ ማታ የት እንደ ዋለ፣ የት እንደ ዋለች ጠይቁ።