ሕመም የሌለው የቆዳ እብጠት የት ይመርመር?

ከቆዳ ሥር ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሲነካ የማያሳምም እብጠት በሕክምና ወረፋ ውስጥ የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል። ባለቤቱ «ምንም አይለኝም» እያለ ዓመታትን ያሳልፋል፤ ባለሙያውም በር ላይ የሚጠብቁትን ጽኑ ሕሙማን እያሰበ «ካላመመህ ተወው» ብሎ ያሰናብተዋል። ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የተሳሳተው ምክንያቱ ነው፤ የሕመም አለመኖር ብቻውን እብጠቱ ምን እንደሆነ አይናገርምና።

ይህ ትምህርት ለኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ እንግዳ አይደለም። በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘውና በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው አለርት የሚታወቀው ሕመም አልባነት ራሱ የበሽታ ምልክት በሆነበት ሕክምና ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ በገረጣው የቆዳ ክፍል ላይ የጥጥ ንክኪ እንኳ ላይሰማ ይችላል። የቆዳ ሲስት የማያሳምመው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ነርቡ ጤናማ ሆኖ ሳለ የሚያስቆጣው ነገር ስላልተፈጠረ ነው። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ እንጂ የታካሚው ቃል ብቻ አይደለም።

በተለምዶ የስብ እብጠት የሚባለው ኤፒደርሞይድ ሲስት በውስጡ ስብ የለውም። የፀጉር ቀዳዳው የላይኛው ሽፋን ወደ ውስጥ ተቀብሮ ከረጢት ይሠራል፤ ከረጢቱም ቆዳ ዘወትር የሚያራግፈውን ኬራቲን ያጠራቅማል። ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ትንሽ ነጥብ ይታያል። እውነተኛው የስብ እብጠት ሊፖማ ሲሆን ለስላሳና ከጣት ሥር የሚንሸራተት ነው። ሁለቱም በአብዛኛው ጉዳት የላቸውም፤ ሲስት ወደ ካንሰር መለወጡም እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ እንዳለ መተው ተገቢ ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ውሳኔው የሚለወጠው እብጠቱ ባለበት ቦታና በባለቤቱ ኑሮ ነው። በኮልፌ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ በትከሻው ለሚሸከም ሠራተኛ ማጅራት ላይ ያለ ሲስት በየቀኑ ይፈተጋል። ከረጢቱ ከውስጥ ሲፈነዳ ኬራቲኑ ወደ ሥጋ ይፈስና ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያመረቅዛል። በጣት መጭመቅ፣ በመርፌ መውጋት ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ይህንኑ ያፋጥናል። በዚያ ጊዜ መግል ማፍሰስ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ከረጢቱ ግን ስለሚቀር እብጠቱ ሊመለስ ይችላል፤ ጠባሳውም ቀጣዩን ቀዶ ሕክምና ያከብዳል። ከመቆጣቱ በፊት ቢወጣ ግን ሥራው አነስተኛ ነው። ቦታው በሊዶኬይን ይደነዝዛል፤ ነጥቡን ጨምሮ ቆዳው በሞላላ ቅርጽ ይቀደዳል፤ ከረጢቱ ሳይፈነዳ በሙሉ ይወጣል፤ ቁስሉም ይሰፋል። ክሩ ከፊት ላይ ከ5 እስከ 7፣ ከጀርባ ላይ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ቢላዋ ከምርመራ መቅደም የለበትም። ኢትዮጵያ ውስጥ አንገት ላይ የሚታይ ሕመም አልባ እብጠት የዕጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀጭን መርፌ ናሙና ተለይቶ በአብዛኛው በ6 ወር መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ሲስት ነው ተብሎ ቢከፈት ግን ለረጅም ጊዜ የሚፈስ ቁስል ሊተው ይችላል። በሕፃን አፍንጫ ድልድይ ላይ ከተወለደ ጀምሮ ያለ እብጠትም ወደ ራስ ቅል ውስጥ የሚዘልቅ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ምርመራ አይነካም።

እንግዲህ ይህን የመለየት ኃላፊነት ሊወስድ የሚገባው ለሰፈሩ ቅርብ የሆነው ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2007 ዓ.ም. መሠረታዊ ቀዶ ሕክምናና ሰመመን የሁለንተናዊ ጤና ሽፋን አካል እንዲሆኑ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ሲነሣ የሚታሰበው ምጥና የአጥንት ስብራት ነው፤ ነገር ግን ሊዶኬይን፣ ንጹሕ የመሣሪያ ስብስብና የሠለጠነ ጤና መኮንን የሚበቃው ሥራ ስፔሻሊስት ሆስፒታል ወረፋ ላይ ሊቆይ አይገባውም።

ብርቱው ተቃውሞ ጤና ጣቢያ ፓቶሎጂ የለውም የሚለው ነው። በእርግጥ የወጣውን ሁሉ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ለታካሚውም ለላቦራቶሪውም ወጪ ነው፤ ምንም አለመላክ ደግሞ ብርቁን ካንሰር ማሳለፍ ነው። መካከለኛው መንገድ በጽሑፍ የሰፈረ መስፈርት ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ በፍጥነት ያደገ፣ የጠጠረ፣ ከሥሩ ጋር የተጣበቀ ወይም አንገት ላይ ያለ እብጠት ሳይነካ ሪፈር ይጻፍለት። በጤና ጣቢያው የወጣው ከረጢት ተከፍቶ ይታይ፤ ይዘቱ ያልተጠበቀ ከሆነ ናሙናው ይላክ።

በዚህ አሠራር ታካሚው ከሦስት መልሶች አንዱን ከነምክንያቱ በካርዱ ላይ ተጽፎ ያገኛል፤ ይተው፣ ይውጣ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። «ይተው» የተባለውም መቼ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት ያውቃል። ዛሬ «ካላመመህ ተወው» የተባለው ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ይሄዳል፤ የሚመለሰውም እብጠቱ ካመረቀዘ በኋላ ነው።