ተቀባዩም አፍ አለው

በዛሬው ዓምዳችን የማወጋችሁ በ1972 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቭ ስለ ተላከ አንድ ደብዳቤ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ላኪዎቹ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ መሪዎች፣ ተቀባዩ ደግሞ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ነበር። ኦርቶዶክሱም ሆነ ሙስሊሙ አንባቢ «ይህ እኔን ምን አገባኝ?» ሳይል ቢከተለኝ፣ ነገሩ የሁላችንንም ኪስ የሚነካ ሆኖ ያገኘዋል።

ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1947፣ በስዊድን ሉንድ ከተማ ነው። መካነ ኢየሱስ በ1959 ወደ 20,000 በሚጠጉ ምእመናን ተቋቁማ በ1963 አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ፌዴሬሽኑ አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው ራዲዮ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አንባቢዎቻችን አይረሱትም፤ ብሥራተ ወንጌል ይባል የነበረው ነው። ደርግ በመጋቢት 1977 ወረሰው።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ለመስጠት እጃቸው አይታጠፍም ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን አገልጋዮች ለማሠልጠንና ጸሎት ቤት ለመሥራት ስትጠይቅ መልሱ ቀዝቃዛ ነበር። ለጋሾቹም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ከመንግሥታት ግምጃ ቤት ስለሚወጣ ከልማት በቀር ለሌላ እንዳይውል ደንቡ ያግድ ነበር።

አዲስ አበባዎቹ ዝም አላሉም። በ1971 የተሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ መለኪያው እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ አቶ አማኑኤል አብርሃም ፕሬዚዳንት፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ደብዳቤው ተላከ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ሰው ሥጋም ነፍስም አለው፤ አንዱን ከሌላው ነጥላችሁ አትርዱት። የሚያስፈልገንንም እናንተ ብቻችሁን አትወስኑልን።

«ያጎረሱት እጅ ነከሰ» ያለ ሳይኖር አይቀርም። ነገር ግን ደብዳቤው ተነበበ፤ በ1974 በናይሮቢ ፌዴሬሽኑ በዚሁ ጉዳይ የምክክር ጉባኤ አደረገ።

ጸሐፊዎቹ ለገንዘብ ብቻ የሚሟገቱ ሰዎች አልነበሩም። ቄስ ጉዲና በደርግ ታስረው ከተፈቱ በኋላ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢቀርብላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 1979 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዓመታት በእስር ማቀቁ። ያቺ የ20,000 ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን አሏት፤ ከፌዴሬሽኑ አባላትም በብዛት ግንባር ቀደም ነች።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ስለ እኛ ለመናገር ነው። ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያለው የፌርፋክስ ጎዳና በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሏል። በዚህ ሰፈር ለአገር ቤት ገንዘብ የማያዋጣ ማን አለ? ሳናውቀው ለጋሾች ሆነናል። የለጋሽ አመልም ይዞናል፤ ለሕንፃው እናዋጣለን፣ ለመምህሩ ደመወዝ ግን እጃችን ያጥራል። ሕንፃ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በሪባን ይመረቃል፤ ደመወዝ አይነሣም፣ አይመረቅም። ለእናታችን ቤት ቆርቆሮ ስንልክ እንኳ፣ እሷ የፈለገችው ሌላ ነገር ይሆን እንደሆነ የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

አገር ቤት ያለው ወገናችን «ይህስ አያስፈልገንም፣ ያኛውን ስጡን» ሲለን ውለታ ቢስ ብለን የምንቆጣ ከሆነ፣ ጄኔቭ ያሉት ፈረንጆች በልጠውናል፤ እነሱ ደብዳቤውን አንብበው ለምክክር ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ባለቤቱ ሲጮኽም ጎረቤት ምን እንደሚል መስማት አለበት።

ለሚቀጥለው የመዋጮ ስብሰባ ስትቀመጡ፣ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ወደ አገር ቤት አንድ ስልክ ይደወል። ለዛሬው እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።