ጎንደር የራሷ ፊደል እያላት

ከጠዳ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ የሱቁን ሰሌዳ፣ የባጃጁን ስቲከር፣ የሠርግ ባነሩን እዩ። ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በመጣ ፎንት የተጻፈ ነው። ነውር የለውም። ግን ይህቺ ከተማ በነገሥታቱ ዘመን የራሷ የጽሕፈት ዓይነት ነበራት፤ "ጉልህ" ይባላል።

ጉልህን በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት በተጻፉ ብራናዎች ላይ ታገኙታላችሁ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ኅዳጉ ሰፊ፣ የመቃ ብዕሩ ወፍራምና ቀጭን ዱካም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ መጀመሪያ የሚታየኝ ወጪው ነው። ፊደል በተለቀ ቁጥር ቅጠሉ ይበዛል፣ ቅጠል በበዛ ቁጥር ደግሞ ብዙ ፍየል ይታረዳል። ጉልህ ውበት ብቻ ሳይሆን ሀብት ማሳያም ነበር ማለት ነው።

ጃፓኖች የሚመሳሰል ታሪክ አላቸው። ከሺህ ዓመት በፊት ቤተ መንግሥታቸው የሚያወራው ጃፓንኛ ሆኖ የሚያደንቀው ግን የቻይናን ግጥም ነበር። የእኛም ቤተ መንግሥት አማርኛ እያወራ በግዕዝ ያስጽፍ የለ? እነሱ እንደ ባይ ጁዪ ያሉ የቻይና ገጣሚዎችን ስንኝ ከጃፓንኛው ጎን ለጎን፣ ባጌጠ ወረቀት ላይ በብሩሽ ይገለብጡ ነበር። (እኛ ቅኔውን ዘርፈን በአፍ እንተወዋለን፤ ይሄ ለብቻው ያስቆጫል።) ዛሬም የጃፓን ተማሪ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ የብሩሽ ጽሕፈት ይማራል።

እኛስ? አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት ውስጥ 350 ያህሉ ከ1860ው ጦርነት በኋላ ለንደን ገቡ። ብሪቲሽ ላይብረሪ ብዙዎቹን ስካን አድርጓል። ቁም ጽሕፈት የሚያስተምረን ግን የለም፤ ሙያው በጥቂት ቁም ጸሐፊዎች እጅ ነው ያለው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ጉልህ ፎንት ይሁን። ለፎንት ወጪው አንዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሚሊዮን ሰው ቢጠቀምበት ከማንም ላይ አይጎድልም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በነፃ ለሚባዛ ነገር ነጋዴ ብሩን አያወጣም። ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይክፈል፤ ከክፍያውም ቁም ጸሐፊው እንደ ባለሙያ ድርሻውን ያግኝ እንጂ ፎቶ ተነስቶ አይሸኝ።

"ዳዊት የተጻፈበት ፊደል ባጃጅ ላይ ሊለጠፍ ነው?" የሚል አይጠፋም። ቅዱሱ ቃሉ ነው፤ "ሀ"ንማ ገበያውም ሲጽፋት ኖሯል። "በዚህ ኑሮ ውድነት?" ለሚለኝ ደግሞ፣ ሰሌዳ ሠሪውም ማተሚያ ቤቱም እኮ እንጀራው ፊደል ነው።

ግን ቶሎ መሆን አለበት። ስካኑ የፊደሉን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ብዕሩ ከየት እንደተነሳ፣ የት ላይ እንደተጫነ፣ የት ጋ እንደዞረ አያሳይም። ያንን የሚያውቀው የቁም ጸሐፊው እጅ ነው፤ ቪዲዮ ለመቅረጽ ደግሞ የኪሳችሁ ስልክ ይበቃል።