ምን ይያዙ?

በአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ስመላለስ ሰው ሲወድቅ ያየሁት በብዛት ሲራመድ ነው፤ ትኬት ቆርጦ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ወይም ለመውረድ ወደ በሩ ሲጠጋ። ትኬት ቆራጩ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ!» ይላል፤ አውቶቡሱም ይነሳል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናት አንዱን ብረት ለቀው ሌላው ጋ ሳይደርሱ ፍሬን ይያዛል።

ጥፋቱ በተሳፋሪዋ ላይ ይላከካል። «እማማ፣ ያዝ አያደርጉም እንዴ?» የሚላቸው አይጠፋም። ምን ይያዙ? ከላይ የተዘረጋው ብረት ቁመቱ ላጠረ አይደርስም። ከብረቱ የሚንጠለጠሉት መያዣዎች ብዙዎቹ ተበጥሰዋል፤ የቀሩትም ወዲያ ወዲህ ስለሚወዛወዙ የሚራመድን ሰው አያጸኑም። የሚያድነው ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመው ምሰሶና የወንበር ጀርባ ላይ ያለው እጀታ ነው፤ ረጅሙም አጭሩም፣ ሕፃኑም ይደርስበታል።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰው እሱም በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ወደ ፊት እየተጓዘ ነው። ፍሬን ሲያዝ እግሩ ከወለሉ ጋር ይቀራል፤ ደረቱና ራሱ ጉዞውን ይቀጥላል። የቆመ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ ይቋቋመው ይሆናል። የሚራመድ ግን አንድ እግሩን ባነሳ ቁጥር ቀሪው ሰውነቱ በሌላኛው ላይ ነው። ዓይኑም ብዙ አያግዘውም፤ በታጨቀ አውቶቡስ ውስጥ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው።

ያን ጊዜ ሚዛኑን የሚነግረው እጁ ነው። ተመራማሪዎቹ ጆን ጄካና ጄምስ ላክነር እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመ ሰው የማይነቃነቅ ነገር በጣቱ ጫፍ ሲነካ፣ ከ100 ግራም ክብደት በማይበልጥ ግፊት እንኳ፣ የሰውነቱ መወዛወዝ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ፍሬን ሲያዝ አጥብቆ መጨበጥ የግድ ነው። ሆኖም ክንዳቸው ለደከመ አዛውንት ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ብረቱ እስካልላላ ድረስ ንክኪው ብቻውን ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ሊያግዛቸው ይችላል።

አውቶቡስ የምትገዙ፣ የምትገጣጥሙና የምትጠግኑ ሁሉ፣ ሰው አንዱን እጀታ ሳይለቅ ሌላውን መያዝ እንዲችል አድርጉ፤ የላላውንም ብሎን አጥብቁ። ሾፌሮች፣ አዛውንትና ነፍሰ ጡር እጃቸው አንድ ነገር እስኪጨብጥ በመስታወት እያያችሁ ታገሱ። ምሰሶውን በጀርባችሁ የተደገፋችሁ ወጣቶችም፣ እባካችሁ ቀና በሉና ለሌላው እጅ ቦታ ልቀቁ።