ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ስማችሁ አለ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወንድም በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ተነሥቶ፣ «ክርስቲያን የግድያ ልብ ወለድ ማንበብ የለበትም» አለ። አዳራሹ «አሜን» ብሎ መለሰ። እኔ አሜን አላልኩም። ዘፍጥረት 4ን ያነበበ ሁሉ የግድያ ታሪክ አንብቧል፤ ገዳዩ ሲጠየቅ ሲዋሽ፣ የፈሰሰው ደም ሲከስሰው አይቷል። ደም ስላለበት ብቻ መጽሐፍ አይወገዝም። የእኔ ሙግት ከሌላ ነገር ጋር ነው።

አጋታ ክሪስቲ በ1930 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ግድያ በቄሱ ቤት» የተሰኘ ልብ ወለድ እንውሰድ። ሚስ ማርፕል የተባለችው አሮጊት ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅም ልብ ወለድ የታየችው በዚህ መጽሐፍ ነው። ቦታው ሴንት ሜሪ ሚድ የተባለች ምናባዊ የእንግሊዝ መንደር ናት። ሬሳው የት የተገኘ ይመስላችኋል? ቄሱ በሚሠራበት ክፍል፣ በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ! ሟቹ ኮሎኔል ፕሮዘሮ የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ከሚያስተዳድሩት አንዱ፣ በአካባቢውም ዳኛ ነው። የሚወደው ሰው ግን የለም። ታሪኩን የሚተርከው ቄስ ክሌመንት ራሱ፣ በምሳ ሰዓት ሥጋ እየቆረጠ፣ ይህን ሰው የሚገድል ለዓለም ውለታ እንደሚውል ይናገራል። ብዙም ሳይቆይ ሰውየው በቄሱ በራሱ ቤት ተገድሎ ይገኛል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋ አድርጌ ማቴዎስ 5ን አነበብኩ። ጌታ በወንድም ላይ መቆጣትንና መሳደብን ከግድያ ጋር በአንድ ፍርድ ፊት ያቆመበትን ክፍል ማለቴ ነው። ክሪስቲ ይህን ልትሰብክ የተነሣች አይመስለኝም፤ ግን የምሳውን ገበታ ጽፋልናለች።

መንደሪቱ ምስጢር የሞላባት ናት። የኮሎኔሉ ሚስት አንድ ሠዓሊ ወዳለች። የጥንት ቅርስ ተመራማሪ ነኝ የሚለው እንግዳ ተመራማሪ አይደለም። አንዲት ምእመን በመባው ከረጢት አንድ ፓውንድ ከትታ ነበር፤ ሒሳቡ ሲወጣ ግን ፓውንዱ የለም። የቄሱ ሚስት ግሪዜልዳ የሰፈሩን አሮጊቶች ሻይ ስትጋብዝ ከሻዩ ይልቅ የሚጣፍጠው ሐሜቱ ነው።

ክሴ ይህ ነው። መጽሐፉ ሁሉንም ሰው ስናስጠረጥር ያቆየናል፤ መጨረሻ ላይ ግን ወንጀለኛው ተይዞ መንደሩ በሙሉ ነጻ ይወጣል። የምሳው ገበታ ይረሳል፣ ሐሜቱም ይረሳል። ገጣሚው ደብልዩ ኤች ኦደን በ1948 በጻፈው ጽሑፍ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሱሰኛ መሆኑን አምኖ፣ አንባቢው የሚፈልገው ወደ ኤደን ንጽሕና መመለስን እንደሆነ ተናግሯል። እውነቱን ነው። ግን እንዴት ያለ አመላለስ ነው? በዘሌዋውያን 16 በፍየሉ ራስ ላይ የሚናዘዙት የሕዝቡን ሁሉ ኃጢአት ነው። እዚህ ግን የተቀረው መንደር ምንም ሳይናዘዝ ፍየሉን ብቻ ይሰድዳል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከዓመታት በፊት ባስተማርኩበት ኅብረት ለጉዞ የተዋጣ ገንዘብ ጎደለ። በሦስት ቀን ውስጥ «ሌባውን» አገኘነው፤ ዝምተኛ፣ ቤተሰቡ የተቸገረ ልጅ። ማንም ሌባ ብሎ አልጠራውም፤ «የጸሎት ርዕስ» እያልን ስሙን ተቀባበልነው። እኔ አስተማሪው በጸሎት ስሙን ከጠሩት አንዱ ነበርኩ። ገንዘቡ በኋላ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ለአውቶቡስ ቀብድ የተከፈለ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ግን ተመልሶ አልመጣም። አንድ ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ አግኝቼው ይቅርታ ስጠይቀው «ረስቼዋለሁ» አለኝ። ዓይኑን ግን ወደ እኔ አላዞረም።

ያን ሰሞን ሁላችንም ሚስ ማርፕል ነበርን። እሷ አትክልት ቦታዋ ውስጥ ሆና አላፊ አግዳሚውን ታያለች፤ እያንዳንዱንም ከዚህ ቀደም ከምታውቀው የመንደር ሰው ጋር እያመሳሰለች ትደርስበታለች። ልክ የምትሆነው ግን ደራሲዋ መልሱን አስቀድማ ስለምታውቅ ነው። በእኛ ኅብረት ልብን የሚያውቀው አንድ ነው፤ ለእኛም በጆሮአችን አልነገረንም።

ሌላም መርማሪ አለ፤ ጂ ኬ ቼስተርተን የፈጠረው አባ ብራውን። በ1927 በታተመው መድበል ምስጢሩን ሲጠየቅ፣ ገዳዩን የሚያገኘው በልቡ ራሱን ያንን ግድያ በሚፈጽመው ሰው ቦታ አስገብቶ እንደሆነ ያስረዳል። ቼስተርተን ካቶሊክ ነው፤ በትምህርት የምንለያይበት ብዙ ነገር አለ። ይህን ግን ከእርሱ ብንማር ያ ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር በዘመረ ነበር።

ስለዚህ አንብቡ፤ የክሪስቲን ገዳይ ሆን ብዬ አልነገርኳችሁም። በንባብ ምሽታችሁ ማን እንደገደለ ከመወራረዳችሁ በፊት ግን የምሳውን ገበታ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡና፣ ባለፈው ሳምንት እንዲህ የተናገራችሁት ስለ ማን እንደነበረ ተጠያየቁ። «አሜን» ያላችሁ ወገኖቼም፣ መጽሐፉን ከእጃችን ልትወስዱ ከሆነ መጀመሪያ የጸሎት ርዕስ ዝርዝራችሁን አምጡና አብረን እናንብበው።